ቡርቱካናማዋ መኪና እና አልለቅም የተባለው መስታወት

ተረት ተረት!

የምን በረት?

ላም የሌለበት፣ መኪና የታሰረበት!

እንግዲህ ስሙ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አያልነህ የሚባል አናጢ ነበር። ይሄ ሰውዬ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጣራ የለሽ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ትንሽዬ የድሮ የስፖርት መኪና። እሷም ኦርጅናል ካልሆነች አትምጣብኝ ይላል! አዲስ አበባ ሄዶ ፈለገ፣ አዳማ ሄዶ ፈለገ። ያያት ሁሉ ሞተሯ የሌላ፣ በሯ የሌላ ሆነችበት። "ይቺማ የጎረቤት ልብስ ተውሳ ሰርግ የሄደች ናት" እያለ እጁን አጣጥፎ ተመለሰ። በመጨረሻ የት ብትገኝ ጥሩ ነው? እዚያው ሰፈሩ፣ እትዬ ትርሲት ግቢ፣ ድሮ ላም ይታሰርበት በነበረ በረት ውስጥ!

ወይ ስታምር! ሸራውን ገለጥ ሲያደርገው የበሰለ ቡርቱካን መሰለች። ቀላል ናት፤ ሁለት ጎረምሳ ከኋላ ብድግ ያደርጋታል። ሞተሯ የራሷ፣ መሪዋ የራሷ፣ ቀለሟ እንኳ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው። አያልነህ ዞሮ የእትዬ ትርሲትን እጅ ያዘ።

"እትዬ ትርሲት፣ በሞቴ ይሽጡልኝ!"

በዋጋው ወዲያው ተስማሙ። እትዬ ትርሲት ግን ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ከተቱት።

"ስማኝ ልጄ። ሟቹ ባሌ ሳምሶን አደራ ብሎኛል። 'የሚነዳት ሰው ከመጣ አንዲት ብሎን ሳትጎድል አስረክቢው' ብሎኛል። የጎን መስታወቷን ደግሞ በህይወት እያለ ለፀጉር አስተካካዩ ለሙሳ አውሶታል። መስታወቱ ካልመጣ አልሸጥም።"

"ባይመጣስ?"

"ግቢው ሊፈርስ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ አሮጌ ብረት ገዢው ቁራሌው ቆራርጦ ሊወስዳት መጋዙን ይዞ ይመጣል። አደራው ለሚነዳት ነው እንጂ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ለሚገዛት ሙሉ ሁኚ አልተባለችም።"

አናጢ ነው፤ መጋዝ የእለት እንጀራው ነው። የዛን ቀን ግን ስሙን ሲሰማ አንጀቱ ተቆረጠ። እየሮጠ ሙሳ ፀጉር ቤት ገባ።

"ሙሳ፣ የመኪናዋን መስታወት ስጠኝ!"

"አቦ ውሰደው! የኔ መች ሆነ? ግን መጀመሪያ እሱን አስለቅቀው።"

ወንበሩ ላይ አቶ ማንያዘዋል ተቀምጠዋል። መስታወቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ጺማቸው በቀኝ የለም፣ በግራ አለ። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ!

"ዛሬ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ! ግማሽ አባት ሆኜ ልቀበላቸው? ጺሜ ካልተላጨ መስታወቱን አልለቅም!"

"በምላጭ ይጨርስልዎት እንጂ!"

"ምላጭ ፊቴን ያሳብጠዋል! አልኩ፤ አልለቅም!"

አያችሁ ጉዱን? ጺሙ ካልተላጨ መስታወቱ አይለቀቅም፤ መስታወቱ ካልተለቀቀ መኪናዋ አትሸጥም።

አያልነህ በኤሌክትሪክ ወደሚሰራው መላጫ፣ ወደ ቶንዶሱ ዞረ። "ቶንዶስዬ፣ እባክህ ዙር!" ቶንዶሱ ሽቦውን አንጠልጥሎ "መብራት በሌለበት በምን ጉልበቴ? ጄኔሬተሩ ካልተነሳ አልዞርም" አለ። ጄኔሬተሩ ጋ ሄደ። ገመዱን ቢጎትተው፣ ቢጎትተው፣ እህህ ብሎ ዝም! "ጉሮሮዬ ደርቆ የምን መነሳት? ቤንዚን ካልጠጣሁ አልነሳም" አለ።

እንግዲህ ቤንዚን ካልተገኘ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ቶንዶሱ አይዞርም፤ ቶንዶሱ ካልዞረ ጺሙ አይላጭም፤ ጺሙ ካልተላጨ መስታወቱ አይለቀቅም፤ መስታወቱ ካልተለቀቀ መኪናዋ አትሸጥም።

ማዕዘኑ ላይ ናስር ባጃጁን አቁሞ፣ ራሱ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"ናስር፣ ቤንዚን አለህ?"

"አቦ ሙሉ ጀሪካን አለ! ከኋላ ወንበር ስር ነው። ወንበሩ ላይ ግን እመቤቲቱ አሉ።"

እመቤቲቱ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ፍየል! ቀንዷ ይሄን ያህል፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ኮንትራት እንደያዘ ተሳፋሪ ተንፈላስሳ! አያልነህ "ውረጂ!" ብሎ እጁን ቢሰድ፣ በቀንዷ ሆዱን ጎስማ አቧራው ላይ ዘረጋችው። ናስር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"እኔን ከገዛ ባጃጄ ያስወረደች አንተን ትፈራለች? ገራባ ካልቀረበላት አትነሳም። እነ ሼህ ኢብሮ ቅመው ሲጨርሱ የሚተርፈውን የጫት ቅጠል በየቀኑ እያወጡላት ለምዳለች። ዛሬ ዘገዩባትና አኮረፈች።"

ገራባው ካልወጣ ፍየሏ አትነሳም፤ ፍየሏ ካልተነሳች ቤንዚኑ አይገኝም፤ ቤንዚኑ ካልተገኘ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ቶንዶሱ አይዞርም፤ ቶንዶሱ ካልዞረ ጺሙ አይላጭም፤ ጺሙ ካልተላጨ መስታወቱ አይለቀቅም፤ መስታወቱ ካልተለቀቀ መኪናዋ አትሸጥም። ጀንበሯ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፤ ቁልቁል መንሸራተት ጀምራለች።

አያልነህ ሆዱን ይዞ እነ ሼህ ኢብሮ ደጅ ደረሰ። ቃሚዎቹ ምንጣፋቸው ላይ ጋደም ብለዋል።

"ሼህ ኢብሮ፣ ገራባውን ልጥረግላችሁ?"

"ግባ ልጄ፣ ጫማህን አውልቅ። እዚህ ቤት ዱአ ሳይደረግ ገራባ አይጠረግም።"

"እንግዲያው ዱአ ያድርጉልኝ!"

"እሺ። ለምን ጉዳይ ነው?"

አያልነህ አቀረቀረ። "ለ... ለፍየሏ።"

"ለፍየል?"

"ማለቴ ለቤንዚኑ። ኧረ ለጄኔሬተሩ። ለአቶ ማንያዘዋል ጺም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! ሼህ ኢብሮ እንባቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ለሌላ ሰው ጺም አሚን አንልም። የራስህን ተናገር። ሰው የፈለገውን በአፉ ካላወጣ እኛ በምኑ ላይ እንመርቅ?"

ዱአው ካልተደረገ ገራባው አይወጣም፤ ገራባው ካልወጣ ፍየሏ አትነሳም፤ ፍየሏ ካልተነሳች ቤንዚኑ አይገኝም፤ ቤንዚኑ ካልተገኘ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ቶንዶሱ አይዞርም፤ ቶንዶሱ ካልዞረ ጺሙ አይላጭም፤ ጺሙ ካልተላጨ መስታወቱ አይለቀቅም፤ መስታወቱ ካልተለቀቀ መኪናዋ አትሸጥም። ይሄ ሁሉ ግን የታሰረው የት ኖሯል? አያልነህ ጉሮሮ ውስጥ!

"አንዲት መኪና ነው የምፈልገው" አለ። "የጋሽ ሳምሶንን። ልጅ ሆኜ ወባ ጥሎኝ እናቴ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ጋሽ ሳምሶን በዚያች መኪና አድርጎ ወደ ሆስፒታል በረረ። ጣራ የላትም። ንፋሱ ፊቴን ሲመታኝ፣ ኖርኩ ማለት ነው አልኩ። የተሸጠች መስሎኝ መሰሏን አገር ለአገር ስፈልግ፣ እዚሁ በረት ውስጥ ኖራለች። ዛሬ በመጋዝ ሊቆርጧት ነው። የሸበተ ሰው የልጅ መኪና አማረው እንዳልባል፣ ይሄን ለሰው ነግሬ አላውቅም።"

ማንም አልሳቀም። ሼህ ኢብሮ ቀጥ ብለው ተቀመጡና መዳፋቸውን ዘረጉ።

"መንገዷን ያቅናልህ!"

"አሚን!"

"ንፋሷን አይንሳህ!"

"አሚን!"

አሚን ሲባል ዱአው ተደረገ! ዱአው ሲደረግ ገራባው ወጣ፤ ገራባው ሲወጣ ፍየሏ ዘላ ተነሳች፤ ፍየሏ ስትነሳ ቤንዚኑ ተገኘ፤ ቤንዚኑ ሲገኝ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ቶንዶሱ ዞረ፤ ቶንዶሱ ሲዞር ጺሙ ተላጨ፤ ጺሙ ሲላጭ አቶ ማንያዘዋል ግራ ቀኝ ጉንጫቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው "አሁን አባት ሆንኩ!" አሉና መስታወቱን ለቀቁ።

አያልነህ መስታወቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሮጠ፤ ናስር ጀሪካኑን አንጠልጥሎ፣ ሙሳና አቶ ማንያዘዋልም ተከተሉት። ጀንበሯ አጥሩ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ቁራሌው በረቱ በር ላይ ቆሞ እጅጌውን እየሰበሰበ ነው!

"ቆይ! ቆይ በእናትህ!"

መስታወቱን ቦታው ላይ አድርጎ፣ ብሎኑን አጠበቀ። እትዬ ትርሲት በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ፊታቸውን አዩበት።

"በል እንካ" አሉ፣ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈተው። "አደራዬን ዛሬ ካንገቴ አወረድኩ።"

ናስር የተረፈውን ቤንዚን አንቆረቆረ። ሞተሯ ግን ስንት ዘመን ተኝታ በቁልፍ ብቻ ትነቃለች? እንግዲህ ግፉ ተባለ! ናስር ገፋ፣ ሙሳ ገፋ፣ አቶ ማንያዘዋል ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚመጡትን ሽማግሌዎች ረስተው ገፉ። ቁራሌውም መጋዙን ወርውሮ ገፋ፤ እሱስ ሰው አይደል? ቀላል ናትና ሽው ብላ ከግቢው ወጣች፤ አንዴ ሳል ሳል አለች፣ ሁለቴ ሳል ሳል አለች፣ ከዚያ ከዚራን በሙሉ ያነቃ ጩኸት ለቀቀች!

አያልነህ መሪውን ይዞ በከዚራ ዛፎች ስር ነጎደ። ንፋሱ መጣ፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ሽበቱን መታው። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከኋላ የቀሩት አላወቁም።

ተረቴ እዚህ ጋ ቤንዚን ጨረሰ፤ የቀረውን እናንተ ግፉት።