አንድ ያላለው ዓይን

የቸኮለ ይለፍ፣ ጊዜ ያለው ይቀመጥ፤ ተረቴ ከተራራ ሥር ናት።

ወርቁ ተሟጦ በተተወ ዋሻ ውስጥ ትርሲት የምትባል አሮጊት ሊቅ ነበረች። ዕድሜዋን በሰው አገር ጨርሳ፣ ምላሷ እሬት ሆኖ ወደ ትውልድ ቀዬዋ የተመለሰች ሴት ናት። ሥራዋ ጨለማ ቁስን ማደን ነው። ጨለማ ቁስ አይታይም፣ አይዳሰስም፤ ከዋክብትን ግን በክብደቱ ሰብስቦ ይዟል ይባላል። ምናልባት አንድ ቀን በትልቁ ጋን ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጋር ይጋጭና አንዲት የብርሃን ፍንጣቂ ያወጣል። ያቺን ፍንጣቂ የሚጠብቅ የመስታወት ዓይን አለ። ዓይኑ ጋን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን መማር አለበት፤ አንዲት ፍንጣቂ ያሳዩታል፣ እሱም «አንድ» ይላል። አንድን ያላወቀ ዓይን በኋላ አየሁ የሚለው ሁሉ ወሬ ነው። ጋኑ ደግሞ ነገ ይታሸጋል።

ትርሲት የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው።

«ዓይን ሆይ፣ አንድ በል» አለችው።

«አልልም» አለ ዓይኑ። «መብራቷ አንዲት ፍንጣቂ ትስጠኝ።»

ከጤፍ ቅንጣት ወደማትበልጠው ሰማያዊ መብራት ሄደች። «መብራት ሆይ፣ ፈንጥቂ፤ ዓይን አንድ አልልም አለኝ።»

«አልፈነጥቅም» አለች መብራቷ። «ጨለማው ሳይሞላ የእኔን ፍንጣቂ ማን ይለያታል?»

«ጨለማ ሆይ፣ ሙላ፤ መብራት አልፈነጥቅም አለች፣ ዓይን አንድ አልልም አለ።»

«አልሞላም» አለ ጨለማው። «የክፍሉ በር ብርሃን ያፈሳል።»

አብሯት የሚሠራው መሐንዲስ ቢራቱ ሳቀ። «ዶክተር፣ ከሰው ጋር ሲጣሉ አውቃለሁ፤ ከጨለማ ጋር ሲጣሉ ግን ዛሬ አየሁ።»

«ጥርስህን ግጠምና በሩን ያዝ» አለችው። «በር ሆይ፣ ግጠም፤ ጨለማ አልሞላም አለ፣ መብራት አልፈነጥቅም አለች፣ ዓይን አንድ አልልም አለ።»

«አልገጥምም» አለ በሩ። «እርጥበት ሰንጥቆኛል። ወፍራም ጥቁር ጨርቅ አልብሱኝ።»

ቢራቱ ከገበያ ጥቁር ጨርቅ ይዞ መጣ። በሩ «ወንፊት ነው» ብሎ መለሰው።

«እንግዲህ በዚህ ቀዬ ወፍራም ጥቁር የእትዬ ውድነሽ ከል ብቻ ነው» አለ ቢራቱ።

ውድነሽ የትርሲት ታናሽ እህት ናት። ባሏ ደግፌ ሲሞት አራት እጥፍ ጋቢዋን ጥቁር አስነክራ ለበሰች፤ ጎረቤት ለመናት፣ ቄሱ ለመኗት፣ አላወልቅም አለች። ትርሲት ወደ ቤቷ ሄዳ ከጋቢው ፊት ቆመች።

«ከል ሆይ፣ ና፤ በር አልገጥምም አለ፣ ጨለማ አልሞላም አለ፣ መብራት አልፈነጥቅም አለች፣ ዓይን አንድ አልልም አለ።»

«አልመጣም» አለ ከሉ። «እህትሽ ትልቀቀኝ።»

«ውድነሽ፣ ልቀቂው፤ ከል አልመጣም አለ፣ በር አልገጥምም አለ፣ ጨለማ አልሞላም አለ፣ መብራት አልፈነጥቅም አለች፣ ዓይን አንድ አልልም አለ።»

«አላወልቅም» አለች ውድነሽ።

«ተዝካሩ ካለፈ ስንት ዘመኑ!»

«ቢያልፍስ? ከል በራስ እጅ አይወለቅም። ታላቅ መጥቶ ይበቃሻል ይላል፣ ታላቅ ያወልቃል። ጎረቤት ታላቄ ነው? ቄሱ ታላቄ ናቸው?»

«ታዲያ ታላቅሽ ማን ነው?»

«ወይ ሊቅነት» አለች ውድነሽ። «ከእናታችን ማሕፀን ከእኔ በፊት የወጣው ማን ነው፣ እትዬ?»

ትርሲት ከተመለሰች ጀምሮ ያን ጥቁር ጋቢ በሆዷ «ኋላ ቀርነት» ስትለው ነበር እንጂ እጇን ዘርግታለት አታውቅም። አሁን ዘረጋች።

«ለበርሽ ብለሽ ከሆነ አትንኪው» አለች ውድነሽ።

የተዘረጋው እጅ ተመለሰ። ትርሲት ቁጭ አለች። በሩንም ዓይኑንም ለጊዜው ረሳቻቸው።

«ገበጣ ስንጫወት ጠጠሬን ይሰርቀኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ደግፌ? የማንን አልሰረቀም! ሲሞት እንኳ ከኪሱ ሁለት ጠጠር አገኘሁ።»

ሳቁ፤ ሳቁ ወደ እንባ ዞረ፤ ሁለቱም አልከለከሉትም። እንባው ሲያልቅ ትርሲት ተነሣች።

«ይበቃሻል፣ ውድዬ» አለች፤ ጥቁሩን አውልቃም የራሷን ነጠላ አለበሰቻት። ውድነሽ ጋቢውን አጣጥፋ አስታቀፈቻት። «ውሰጂው። እኔም እመጣለሁ፤ የት እንደሚሰቀል ልየው።»

እህት ከሉን ለቀቀች፣ ከሉ በሩን ሸፈነ፣ በሩ ገጠመ፣ ጨለማው ሞላ፣ መብራቷ ፈነጠቀች፣ ከውጭ ባለው የቁጥር ማሳያ ሰሌዳ ላይም ዓይኑ «አንድ» አለ።

«እኔ ምንም አላየሁም እኮ፣ እትዬ» አለች ውድነሽ።

«እኔም አላየሁም» አለች ትርሲት። «እሱ ግን አይቷል።»

ተረቴም እዚያው በሩ ላይ ተሰቅላለች፤ ገልጣችሁ አትግቡ፣ ከውጭ ሆናችሁ ስሟት።