ፈተና ያለፉት ኪዩቦች

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኢንጅነር መርሻ ደብረ ብርሃን ዳር በሚሠራ የትምህርት ቤት ፎቅ ሥር ቆሞ አንዱን ምሰሶ በሚስማር ጫር ቢያደርገው፣ አሸዋው እንደ ደረቀ ጤፍ ረገፈ።

መርሻ ተመርቆ ከወጣ ገና ዓመቱ ነው። በገዛ ስሙ የሚፈርምበት የመጀመሪያ ሕንፃ ይኸው ነው። ከፈረመ ፎቁ ይቀጥላል፤ ስድስት መቶ ልጅ ይገባበታል። ካልፈረመ ደግሞ ሥራ ተቋራጩ አቶ ዘርጋው ሊያስባርሩት ምለዋል።

ደንቡ፣ ለምሰሶው ከተቦካው ኮንክሪት ተጨልፎ በብረት ሣጥን ኪዩብ ይወጣለታል፤ ኪዩቡ ሲጠነክር ላቦራቶሪ ተወስዶ በማሽን ይጨመቃል። አቶ ዘርጋው ግን ለኪዩቡ ብቻ፣ ሲሚንቶ ሳይሰስቱ፣ ለብቻው በሳፋ ያስቦኩ ነበር። ይህን የማያውቅ ግንበኛ አልነበረም።

የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አስካለ ሲመጡ፣ አቶ ዘርጋው የላቦራቶሪውን ወረቀት እንደ ባንዲራ እያውለበለቡ ተቀበሏቸው።

«አለፈ! ከተጠየቀው በላይ ነው ያለፈው! ይሄ ልጅ ግን በሚስማር እየቧጨረ ሥራ ያስፈታኛል።»

«እውነት ነው እንዴ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «የእኔም ሁለት ልጆች እዚህ ነው የሚማሩት።»

«እሱ ምን ያውቃል!» አሉ አቶ ዘርጋው ቀድመው። «ሠላሳ ዓመት ገንብቻለሁ፤ እኔ ስጀምር እሱ ገና አልተወለደም። ስማ አንተ ሚስማር! ኪዩቦቹ አልፈዋል ወይስ አላለፉም?»

«አልፈዋል ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ፈርማ!»

መርሻ ከላቦራቶሪ ተርፈው ጥግ ላይ የተደረደሩትን ሦስት ኪዩቦች እያየ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። የአቶ ዘርጋው ፊት ፈካ።

«እትዬ አስካለ፣» አለ መርሻ፣ «ሦስት ልጆች ይምረጡልኝና እነዚያ ኪዩቦች ላይ ያስቀምጧቸው። ለእነሱ አሁኑኑ እፈርማለሁ። የቀሩት አምስት መቶ ዘጠና ሰባቱ ግን ምሰሶው ፈርሶ እንደገና እስኪሠራ ሜዳ ላይ ይማሩ።»

ወይዘሮ አስካለ ሚስማሩን ከእጁ ተቀብለው ራሳቸው ወደ ምሰሶው ሄዱ።

በሳምንቱ ምሰሶዎቹ ፈረሱ። ለዐሥራ ሁለቱም አራት ሰውና ግማሽ ቀን በቃ።