አያ ጅቦና በድንጋይ ውስጥ ያገኘው አባት

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሁለት ዓመት ተከታትሎ በቀረበት ቆላ፣ ወንዙ ሁሉ ደርቆ ከገደል ሥር አንዲት ኩሬ ብቻ ቀርታ ነበር። አንበሳ «በኩሬዋ ዙሪያ ማንም ማንንም አይንካ» ብሎ ስላወጀ፣ ጅብና አህያ እንኳ ጎን ለጎን ቆመው ይጠጡ ነበር። እርግጥ ጅቡ የሚጠጣው ዓይኑን ከአህያዋ ዳሌ ሳይነቅል ነው።

አንድ ማለዳ ከገደሉ ላይ ትልቅ ቋጥኝ ተገንጥሎ ወደቀ። አቧራው ሲበርድ በገደሉ ፊት ላይ የሚያስፈራ ነገር ታየ። ድንጋይ የሆነ ራስ ነው። አፉ ወደ ላይ ተከፍቷል፤ ጥርሱ እንደ ካስማ ተሰካክቷል። ከራሱ ኋላ የአከርካሪውና የጎኑ ጫፍ ብቻ ጥቂት ብቅ ብሏል። ያ ቆላ በጥንት ዘመን ባሕር እንደነበረ፣ ይህም ዘሩ ከጠፋ ስፍር ቁጥር የሌለው ዘመን ያለፈው የባሕር አዳኝ እንደሆነ ከእንስሳቱ መካከል የሚያውቅ አልነበረም።

ሁሉም ሸሹ። ጅቡ ግን ቀረብ ብሎ አሸተተው። የሚበላ አልሆነም። ሊሄድ ዞር አለና ቆመ። በዚያ አገር ሕግ፣ የአባቱ አፅም ያረፈበትን መሬት ልጅ ይወርሳል። ይህ ነገር በጅብ ጭንቅላት ውስጥ ዞሮ ቦታውን እስኪያገኝ ፀሐይ እኩለ ሰማይ ደረሰች።

«ወይኔ አባቴ!» እያለ ደረቱን ይደቃ ጀመር። «እዚህ ተኝተህልኝ ኖሯል ወይ!»

አባቱን ሳያውቅ አያቱን ናፈቀ ማለት ይህ ነው።

በዚያች ሰዓት የመውለጃዋ ወር የገባ አንዲት አህያ ልትጠጣ ወረደች።

«ቁሚ!» አላት ጅቡ። «ይህ ርስቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከአባቴ ዘር ያልሆነ አንድ ጉንጭ ቢጠጣ፣ ውሃውም ጠጪውም የኔ ነው።»

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ጌታው አውጀዋል እኮ!»

«አዋጁ በጌታው መሬት ነው። በአባቴ መሬት የማዘው እኔ ነኝ።»

አህያዋ ወደ ድንጋዩ ቀና ብላ አየች። «ይኼማ ዓሣ ነው» አለች በየዋህነት። «በጎኑ ብቅ ያለው ክንፍ ነው እንጂ እግር አይደለም፤ አከርካሪውም የዓሣ ነው።»

«ሣር አላማጭ! አንቺ ስለ ጥርስ ምን ታውቂያለሽ?»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የዚህችም ባል ከኮረብታው ጀርባ ቆሞ ጆሮውን ብቻ ብቅ አድርጎ ያዳምጥ ነበር። አህያዋ ሳትጠጣ ተመለሰች።

በማግስቱ አንበሳ ለፍርድ ተቀመጠ። ለአህያዋ ጠበቃ ሆና የቆመችው ቀበሮ ነበረች። ለአህያ አዝና እንዳይመስላችሁ፤ ኩሬዋ ለጅብ ከተፈረደች እሷም በጥም ማለቋ ነው።

«አባትህ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለው አንበሳ።

«በጥርሱ ነዋ ጌታዬ! ይህን የሚያህል ጥርስ አጥንት ለመስበር ካልሆነ ለምን ይበቅላል? ከኔ ወገን ሌላ አጥንት ቆርጥሞ የሚኖር ማን አለ?»

«ጌታዬ» አለች ቀበሮ፣ «አህያዋ ክንፍ አይቻለሁ ትላለች። አከርካሪውም የዓሣ አከርካሪ ነው ትላለች።»

አንበሳ በራሱ ጥርስ እጅግ የሚኮራ ዳኛ ነበር። ስለ ክንፍ መስማት አላስደሰተውም። «እኔ እንኳ አንበሳ መሆኔ የሚታወቀው በአከርካሪዬ ነው?» ብሎ አገሳ። «ዘር በጥርስ ይታወቃል። ይህ ፍርዴ ነው፤ አይታጠፍም። ጅብ ሆይ፣ ማል!»

ጅቡ ሦስት ጊዜ ማለ። «ይህ አባቴ ባይሆን ምድር አትቀበለኝ! ባይሆን ሰማይ ይጫነኝ! ባይሆን የጌታዬ ክንድ ያድቅቀኝ!»

«ነገ ማለዳ ርስቱን አጸናልሃለሁ» አለ አንበሳ። «ነገር ግን ራስ ብቻ አፅም አይባልም። ሙሉ አካሉን ገልጠህ አሳይ። እስከዚያ ክርክር ያለበት ውሃ አይጠጣም፤ እኔም አልጠጣም።»

ሸንጎው ሲበተን ቀበሮ አህያዋን ጠጋ አለቻት። «እቴ፣ እስከ ነገ ቻይው።»

«እኔስ እችል ነበር» አለች አህያዋ። «በሆዴ ያለው ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።»

ቀበሮ ነገረኛ እንጂ አልቃሽ አይደለችም። ያን ቀን ግን ልቧ አዘነ።

ጅቡ ያን ቀን ሙሉ ቆፈረ። ድንጋዩን በጥፍሩ ቧጠጠ፣ በጥርሱ ፈለጠ። ቀበሮ ከበላዩ ቆማ ታየዋለች፤ አንዳች ስንጥቅ፣ አንዳች ማምለጫ ትፈልጋለች። አከርካሪው ወጣ፤ ክንፉ በሙሉ ወጣ፤ ምንም አላገኘች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ሄደች።

«በዚህ ይብቃኝ መሰለኝ» አለ ጅቡ እያለከለከ።

«ምነው አያ ጅቦ! አባት በግማሽ ይወረሳል? ጎድኑንም ግለጠው እንጂ።»

ጅቡ ጎድኑን ገለጠ። ከጎድኑ ውስጥ ሌላ አፅም ተጋድሞ አገኘ። አነስ ያለ ነው፤ ከነሙሉ አካሉ ተውጦ እዚያው የቀረ።

«አየሽልኝ!» ብሎ ጮኸ። «አባቴ እንዴት ያለ በላተኛ እንደነበር! ሳያላምጥ ነው የዋጠው!»

ቀበሮ አንገቷን አስግጋ የተዋጠውን አፅም አፍ አየች። ልቧ ዘለለ። ፊቷ ግን ምንም አልተለወጠም።

«እውነትም ጀግና ነበሩ» አለች። «ነገ በሸንጎ ፊት ይህን ሳትናገር እንዳትቀር።»

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እንስሳቱ ሁሉ ከገደሉ ሥር ተሰበሰቡ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣብቋል። አህያዋ ከሁሉም ኋላ ቆመች።

ጅቡ ደረቱን ነፋ። «ጌታዬ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት አራት አህያ ይሆናል! ደግሞ አባቴ ሲሞት እንኳ ሆዱ ባዶ አልነበረም። የበላው ይኸው!»

አንበሳ ሊያይ ቀረበ። ቀበሮም መሬት ላይ ለጥ ብላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ዘር በጥርስ ይታወቃል ብለው ፈርደዋል። እኔ ትንሽ ፍጡር ነኝ፤ የተበላው ማን እንደሆነ ለመናገር አልደፍርም። ጥርሱን ግን እርስዎ ይመልከቱት።»

በተበላው አፍ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ክራንቻዎች ቆመዋል። አንበሳ አያቸው። ምላሱን በራሱ ክራንቻ ላይ ቀስ አድርጎ አዞረ።

«የኔ ወገን ነው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

«በአገራችን ሕግ» አለች ቀበሮ፣ «ርስት የወረሰ ልጅ አባቱ ያፈሰሰውን ደምም ይወርሳል።»

ነገሩ ለጅቡ እስኪገባው ጥቂት ጊዜ ፈጀ። ሲገባው ከአፅሙ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ጌታዬ! ይኼ አባቴ አይደለም!»

«ታዲያ ማነው?»

«ዓሣ ነው! እግሩ የታለ? ይኸው ክንፉ! አከርካሪውን ይዩት፣ የዓሣ ነው እኮ! ጥርስ ዘር አይነግርም ጌታዬ፤ ጥርስ የሥራ መሣሪያ ነው፤ አድኖ የሚበላ ሁሉ ያወጣዋል!»

ጅብ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ተናገረ፤ እሱንም ከአህያ አፍ ነጥቆ።

«የተበላውስ?»

«እሱም ዓሣ ነው! ዓሣ ዓሣን በላ፤ እኛን ምን አገባን!»

አንበሳ አፅሙን ከራሱ እስከ ጅራቱ አየው። እውነቱ አሁን ታየው፤ በራሱ ፍርድም አፈረ። ያፈረ ዳኛ ደግሞ ከተቆጣ ዳኛ የከፋ ነው።

«ስማ» አለ። «ዓሣ ነው ካልህ፣ በፊቴ ሦስት ጊዜ በሐሰት ምለሃል። አባቴ ነው ካልህ፣ የወገኔ ደም አለብህ። አንዱን ምረጥ።»

ጅቡ ወደ ድንጋዩ አየ፤ ወደ አንበሳው አየ። ከዚያም ዞሮ ሸመጠጠ። አንበሳው በሦስት ዝላይ ደረሰበት። እንስሳቱ ፊታቸውን አዞሩ፤ ጩኸቱም ብዙ አልቆየም።

አንበሳው ተመለሰ። ወደ ኩሬዋ የሚያስወርደውንም መንገድ ለቀቀ። አህያዋ እየተንገዳገደች ወረደች፤ ማንም ሊቀድማት አልሞከረም። ፊቷን ከውሃው ነክራ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ደግማ ጠጣች። ቀና ስትል ከአገጯ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮቴ ጎኗን ረገጠቻት።

ከዚህ የምንማረው ለጥቅሙ ሲል አባቱ ያልሆነውን አባቴ ብሎ የማለ ሰው፣ ርስቱን ሳይይዝ ደሙን እንደሚወርስ ነው።