የማህደር እናት ሳሎን

«በሽታው ቀርቶ የበሽታው ወሬ እንኳ ከእኔ ደጃፍ አያልፍም!»

እንዲህ ያለች አንዲት እናት ነበረች። የት? ደብረ ብርሃን። መቼ? ኮሮና ሄደልን ብለን ማስካችንን ኪሳችን ውስጥ ረስተነው ሳለ፣ እንደገና ተመልሶ በበረታበት ሰሞን። ስሟን ብነግራችሁ ከመካከላችሁ የሚያውቃት አይጠፋም፤ እዚህ ቆሞ ሰው ማማት ደግሞ ደስ አይልም። ስለዚህ ጎረቤቶቿ እንደሚጠሯት በልጇ ስም እንጥራት። የማህደር እናት እንበላት።

ይህን የተናገረችው የት መሰላችሁ? የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ተነሳች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ከጎኗ የነበሩት ሰዎች ብድግ ብለው ሸሹ። አትሳቁ፣ እናንተም ያን ጊዜ ሸሽታችኋል!

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ወላጆቹን ግቢው ውስጥ አራርቀው አስቀምጠው ነበር። «ልጆቹን ለሁለት ከፍለናቸዋል» አሉ። «ግማሾቹ ዛሬ ቢመጡ ግማሾቹ ነገ ይመጣሉ። በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ ነው። ማስክ ግዴታ ነው፤ መስኮት አይዘጋም። መላክ የፈለገ ይላክ፣ የፈራም ቤቱ ያቆይ። ማንንም አናስገድድም።»

«እኔ አልልክም!» አለች የማህደር እናት። «አሥራ ስምንት ልጅ በሚተነፍስበት ክፍል ልጄን አላስገባም። አስጠኚ ቀጥሬ ቤቴ አስተምራታለሁ።» ከዚያ ያን መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን የደጃፍ ነገር ተናግራ ተቀመጠች። ያጨበጨቡላትም ነበሩ።

እስቲ ቆዩ፣ ቶሎ አትፍረዱባት። ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። ምክንያት አላት።

ምክንያቷ አባቷ ናቸው። አባባ ደምሰው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ግን አስም የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው። ደረጃ እንኳ ሳይወጡ ደረታቸው ያፏጫል። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታቸው በዚህ በሽታ ሞተው፣ ቀብራቸው ላይ ማንም አትጠጉ ተብሎ፣ የገዛ ልጆቻቸው ከሩቅ ቆመው አልቅሰዋል። የማህደር እናት ያንን አይታለች። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የምትመጣው ትንፋሽ አባቴን ይወስድብኛል ብላ ነው የፈራችው።

ይህ ያስቃል? አያስቅም። ያን ጊዜ ያልፈራ ወላጅ ማን ነበር? የላከውም እየፈራ ነው የላከው፤ ያስቀረውም እየፈራ ነው ያስቀረው። አባቶች፣ እናንተ ደግሞ አንገታችሁን አትነቅንቁ፤ ስብሰባውን ለእናቶች ትታችሁ የቀራችሁትን እናውቃችኋለን።

ማህደር ግን አለቀሰች። አምስተኛ ክፍል ናት። ቤት ተቀምጣ ተቀምጣ ከዶሮዎቹ ጋር ማውራት ጀምራለች። ዶሮዎቹም ሰልችቷቸው ስትመጣ ይሸሿታል።

«እማዬ፣ ጓደኞቼ ናፈቁኝ።»

«ጓደኛ ከአያትሽ አይበልጥም፤ ዝም በይ!»

ብሩክታዊት የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲዋ ተዘግቶባት ቤቷ የተቀመጠች የሰፈር ልጅ አስጠኚ ሆና ተቀጠረች። ሳሎኑ ውስጥ ሰሌዳ ተሰቀለ። መስኮቱ ተከፈተ። ብሩክታዊት ማስኳን አድርጋ ከወዲያ፣ ማህደር ማስኳን አድርጋ ከወዲህ። አባባ ደምሰው ጥግ ላይ፣ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር፣ እጀታው በለዘበው አሮጌ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ያዳምጣሉ። እውነቱን እንናገር፤ የመጀመሪያው ቀን ያምር ነበር።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

የናሆም እናት ናት፣ ጎረቤቷ። «የማህደር እናት፣ አስጠኚ ቀጠርሽ አሉ። የኔንም ልጅ አስጠጊልኝ እንጂ። አንድ ልጅ ምን ቦታ ይይዛል?»

የማህደር እናት «አባቴ ታማሚ ስለሆኑ አልችልም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን የናሆም እናት እኮ ናት! ማህደር በተወለደች ጊዜ አጥሚት ይዛ የተመላለሰችው! እምቢ ብትላት ምን ትላለች? «ኮራችብኝ፣ ልጄን ተጸየፈችው» ብላ ለሰፈሩ አታወራም?

ታዲያ ከአፏ የወጣው ምን ሆነ?

«ኧረ ምን ችግር አለው! ይግባ!»

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። የዕድሩ ሰብሳቢ ሚስት ከመንታ ልጆቿ ጋር። የዕድር ሰብሳቢ ሚስት እምቢ ይባላል? ነገ ድንኳን የሚተክለው ማን ነው? «ምን ችግር አለው! ይግቡ!»

እንደገና ተንኳኳ። የማህደር የክርስትና እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር። የክርስትና እናት እምቢ ይባላል? «ምን ችግር አለው! ይግቡ!»

ደግሞ ተንኳኳ። ደግሞ ተንኳኳ። መጨረሻ ላይማ የማን ልጅ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አንድ ልጅ ገብቶ ይማር ነበር። ጎበዝ ነው አሉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የመንታዎቹ እናት ደወለች። «ልጆቼ ቶንሲል አለባቸው፤ የደብረ ብርሃንን ንፋስ ታውቂው የለ? መስኮቱን ዘጋ አድርጊልኝ።» ምን አለች? «ምን ችግር አለው! ይዘጋል!» የክርስትና እናትም መጣች። «ይሄ ማስክ ትንሹን ልጄን አፈነው፤ ፊቱ ጠቆረ እኮ!» ምን አለች? ንገሩኝ፣ ምን አለች?

«ምን ችግር አለው! ያውልቅ!»

የቀረው የአባባ ደምሰው ወንበር ነበር። ለልጆቹ መቀመጫ አነሰ። የማህደር እናት ቀስ ብላ አባቷ ዘንድ ቀረበች።

«አባባ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ቢቀመጡስ? ደግሞ ለጤናም ጥሩ ነው።»

አባባ ደምሰው ሬዲዮናቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ። «ልጄ፣ ይህ ቤት የማን ነበር?»

«የእርስዎ ነዋ አባባ! ምን ማለትዎ ነው?»

«አይ፣ ለመጠየቅ ያህል ነው» ብለው ወጡ።

እናም አባባ ደምሰው፣ ልጃቸው ከትንፋሽ ልትጠብቃቸው የተነሳችላቸው አባባ ደምሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳ ሥር በርጩማ ላይ መዋል ጀመሩ። ፀሐይዋ ለአንድ አፍታ ብቅ ትላለች፤ ንፋሱ ግን ቀኑን ሙሉ ነው።

አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ማህደር ጉርሻዋን ይዛ ቆመች።

«እማዬ፣ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ስንት ነበርን ታውቂያለሽ? ሃያ ሁለት።»

«ብይ፤ ምግብ ላይ አይወራም።»

«ትምህርት ቤት ግን አሥራ ስምንት ናቸው። ናሆም ነው የነገረኝ።»

«ናሆም ደግሞ ምን ያውቃል?»

«ይሄዳል እኮ! በፈረቃው ቀን ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ፈረቃው ባልሆነ ቀን ወደ እኛ ይመጣል። እናቱ እንዳይቦዝን ብላ ነው። መንታዎቹም እንደዚያው ናቸው። የማልሄደው እኔ ብቻ ነኝ።»

የማህደር እናት ጉርሻዋን መሶቡ ላይ መለሰች። ትምህርት ቤቱን እምቢ ብላ ነበር፤ ለካ ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው በእግሩ እየሄደ ቤቷ የሚመጣው። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማስኩ ወልቆ!

ነገ እናገራለሁ አለች። ቆርጣ ተነሳች። ጠዋት በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። የናሆም እናት ልጇን እየጎተተች መጣችና ገና ከሩቅ፣ «እግዜር ይስጥልኝ የማህደር እናት! እንደ አንቺ ያለ ሰው እኮ የለም!» አለቻት።

አለቀ! እንደ አንቺ ያለ ሰው የለም ከተባለች በኋላ በር የምትዘጋ ሴት የት አለች?

«ምን ችግር አለው! ይግባ!»

ዓርብ ዕለት አባባ ደምሰው አሳላቸው።

መጀመሪያ አንዴ። ከዚያ ደጋግመው፣ ከበርጩማቸው እስኪነሱ ድረስ። የማህደር እናት ከሳሎኑ ዘላ ወጣች። ባጃጅ አስጠርታ አባቷን ይዛ ጤና ጣቢያ ሮጠች። እዚያም አፍንጫቸው ውስጥ ያን ረጅም ነገር ሲያስገቡባቸው አባባ ደምሰው የተናገሩትን እዚህ ቆሜ አልደግመውም።

ከዚያ፣ ውጤት ጠብቁ ተባሉ።

ወገኖቼ፣ ውጤት ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? የማህደር እናት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የአባቷን ደረት ፉጨት ትሰማለች። ከማን ይሆን የያዛቸው? እያለች ታስባለች። ከናሆም? «ይግባ» ያልኩት እኔ። ከመንታዎቹ? «ይግቡ» ያልኩት እኔ። መስኮቱን ማን ዘጋው? እኔ። ወንበራቸውን ማን ወሰደው? እኔ። በሩን የሰበረ ሌባ የለም። የገባው ሁሉ አንኳኩቶ፣ ጠይቆ፣ ተፈቅዶለት ነው የገባው። «ጌታዬ» አለች በሆዷ፣ «አባቴን ብቻ ተውልኝ እንጂ፣ ሰው የፈለገውን ይበለኝ።»

ነርሷ ወጣች። «ኮሮና የለባቸውም። ብርድ ነው የመታቸው። ቆይ፣ ምን ሆነው ነው ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚውሉት? ቤት የላቸውም እንዴ?»

የማህደር እናት መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

ሰኞ ጠዋት የሳሎኑ በር ተዘግቶ ነበር። የማህደር እናት ደጁ ላይ ቆማ፣ «አባቴ ታማሚ ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ትምህርት የለም» አለች። ምን እንደምትባል ለመስማት ጆሮዋን አቆመች።

የናሆም እናት ምን ያለቻት ይመስላችኋል? ኮራሽ? ተጸየፍሽን?

«ውይ፣ ተመስገን!» አለቻት። «አባባን ባየሁ ቁጥር ጨንቆኝ ነበር እኮ። ልጄን ባስቀረው ይከፋሻል ብዬ ነው የምልከው!»

አያችሁ? አንዷ እንዳይከፋት ታስገባለች፤ ሌላዋ እንዳይከፋት ትልካለች። መሃል ላይ ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ንፋስ ይመታቸዋል!

የዚያን ቀን ማህደር ማስኳን አድርጋ ትምህርት ቤት ሄደች። ስትመለስ ደጅ ላይ እጇን ታጠበች፣ ዩኒፎርሟን ቀየረች፣ አያቷንም በተከፈተው መስኮት በኩል ከውጭ ሆና ሰላም አለች። አያቷ ውስጥ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ። ዶሮዎቹም አረፉ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ልጁን የላከ ልክ ነው፣ ያስቀረ ተሳስቷል ልላችሁ አይደለም። ያንን እያንዳንዱ ወላጅ ከነጭንቀቱ ከእግዚአብሔር ጋር የሚጨርሰው ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። የእናንተን በር የሚጠብቀው ማን ነው? ፍቅር ነው ወይስ ይሉኝታ?

ይህች ሴት አባቷን ትወድ ነበር። በጣም ትወድ ነበር! ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ተነስቶ የሚከፍተው ፍቅሯ አልነበረም፤ «ምን ይሉኛል» ነበር። በሽታውን የምትፈራ መስሏት ሰውን ትፈራ ነበር።

እኛስ? ትልልቆቹ፣ ልጃችሁ ሊያወራችሁ ሲጠብቅ ስንት ማታ ለሰው ፊት ብላችሁ ሌላ ቦታ አመሻችሁ? ጓደኞቼ፣ የእኔ እኩዮች፣ ልባችሁ እምቢ እያለ አፋችሁ «ምን ችግር አለው» ያለበትን ቀን ታስታውሱታላችሁ? ችግር ነበረው እኮ! ችግር እንዳለው እያወቃችሁ ነው ያላችሁት!

እንግዳ አትቀበሉ እያልኩ አይደለም፤ ይህን ብላችሁ ቤታችሁ እንዳታወሩብኝ። በር ይከፈታል፣ ደስ ይላል። ግን በር ሁልጊዜ ለመክፈት ብቻ ቢሆን ኖሮ አናጢው መዝጊያ ለምን ይገጥምለታል? ክፍቱን አይተወውም ነበር? አንዳንድ ቀን በፍቅር የተዘጋ በር፣ በይሉኝታ ከተከፈተ በር ይልቅ እግዚአብሔርን ደስ ያሰኛል። ስለዚህ ነገ በራችሁ ሲንኳኳ፣ «ምን ይሉኛል» ከመነሳቱ በፊት እናንተ ተነሱ። ውስጥ ያለውንም ሰው ዞር ብላችሁ እዩት። ወንበሩ ላይ አለ? ወይስ ውጭ ነው?

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ዘልዬ ነበር። ዓርብ ዕለት ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ የማህደር እናት እንባዋን ጠርጋ ትንሽ ነፍሷ መለስ ሲል፣ ያ የስብሰባው ድምፅዋ ተመልሶ መጣ።

«አዩ አባባ? እኔ ባልጠነቀቅ ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር? ማህደርን ትምህርት ቤት ልኬያት ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር እኮ!»

አባባ ደምሰው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አዩዋት።

«ልጄ፣ ማህደርን ሰኞ ላኪያት። ስትሄጂም እኔን አብረሽ አስመዝግቢኝ፤ እዚያ ሰው ይቀንሳል፣ ወንበርም ይሰጣሉ።»