ጅብን በስሙ መጥራት የተከለከለ ጊዜ

አንድ ጊዜ አህያ ጉብታ ላይ ቆሞ፣ ጅብ እያየ፣ «ጅብ» ማለት ጨንቆት አፉን ከፍቶ ቀረ። ከታች ፍየሎች ከምንጩ ውሃ ይጠጣሉ። ጅቡ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ በሆዱ እየተሳበ ይጠጋቸዋል። አደጋ ሲመጣ መጮህ የአህያ ሥራ ነው፤ የመንደሩ ለፋፊ እሱ ነው። ታዲያ ምን ያዘው? ደንቡ ነዋ!

ደንቡ የወጣው በቀደም ዋርካው ሥር ነው። ያን ቀን አህያ ዕድል ጠየቀና፣

«ወገኖቼ፣ ልጅ ባጠፋ ቁጥር ‹አንተ አህያ!› ትላላችሁ። እኔ እኮ እሰማለሁ። እስቲ ስሜን ስድብ አታድርጉት» አለ።

ስብሰባው በሳቅ ተናወጠ። እትዬ ፍየል ብቻ አንገቷን ደፋች።

ከጅብ ትርፍራፊ የምትለቅመው ቀበሮ ግን ነገሩ ወዲያው በራላት። ዘላ ተነሣች።

«ወንድማችን እውነቱን ነው! ማንም በስሙ አይሸማቀቅ። ከዛሬ ጀምሮ አህያ ‹ክቡር የጭነት ባለሙያ› ይባል። አያ ጅቦም ስሙ ሲጠራ ሁሉ እየሮጠበት ቅስሙ ተሰብሯል። እሱም ‹በምግብ ምርጫው ከእኛ የሚለይ የተከበረ ጎረቤታችን› ይባል። ጅብ ያለ ከምንጩ ይታገድ!»

«ክቡር» ሲባል የአህያ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀድሞ የደገፈው እሱ ነበር።

አሁን ያ ድጋፉ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሯል። በዚህ በጋ ከምንጩ ቢታገድ የት ይጠጣል? ስለዚህ እንደ ደንቡ ጀመረው።

«ስሙኝማ! በምግብ ምርጫው... ከእኛ የሚለይ... የተከበረ...»

«እንግዳ መጣ መሰለኝ» አለች እትዬ ፍየል። ግልገሏ እንግዳውን ሊቀበል ጭራውን እየቆላ ሮጠ። ጅቡም በጀርባው ቆዳ አንጠለጠለው።

አህያ ያኔ ምንጩንም ክብሩንም ረሳ።

«ጅብ! ጅብ ነው! ኧረ ጅብ ልጅ ወሰደ!»

ጅብ ሆዬ ደሙ ፈላ። «ደንቡ ተጣሰ! ተሰደብኩ! ቀበሮ፣ መዝግቢልኝ!» ብሎ ጮኸ።

አፉን ሲከፍት ግልገሉ ዱብ! ተነሥቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ጅቡን ፍየሎቹ በቀንድ፣ አህያ በእርግጫ ሸኙት።

«አንተ ደደብ፣ አፍህን መዝጋትም ይነገርሃል?» እያለች ቀበሮም አብራው ጠፋች።

በማግስቱ ዋርካው ሥር በሬ፣ «ደንብ የሚባል ይቅርብን! ያሻንን እንሳደብ!» ብሎ ተነሣ።

«እሱማ አይሆንም፣ አያ በሬ» አለች እትዬ ፍየል። «ጅብን ጅብ የምንለው ልጆቻችን እንዲተርፉ ነው። አህያን ስድብ ያደረግነው ግን ማንን ሊያተርፍ ነው? ሁለቱን ያደባለቀችብን ቀበሮ ናት። እኔም ልጄን አህያ እያልኩ ስሰድብ ኖሬያለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

አህያ መሬት መሬት አየ። «ክቡር የጭነት ባለሙያውም ይቅርብኝ» አለ። «አህያ በሉኝ። ብቻ ደህና አድርጋችሁ በሉኝ።»

ግልገሉ እያነከሰ መጥቶ የአህያን እግር ተደገፈና ሽቅብ አየው።

«አያ አህያ፣ እኔ ሳድግ አህያ ነው የምሆነው» አለው።

ከዚህ የምንማረው የሌላውን ስም ስድብ አለማድረግ ደግነት ሲሆን፣ አደጋን በስሙ አለመጥራት ግን ከአዳኙ በቀር ማንንም እንደማይጠቅም ነው።