በጆንያ የመጣው ቡችላ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ የግቢው ጭቃ ገና ያልደረቀበት ጊዜ። በግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ አንድ ሰው፣ ሚስቱ ወይንሸት፣ እና ከሟች ሚስቱ የወለዳት ልጁ ስምረት። አራተኛው ጆንያ ውስጥ ነበር።

የሰውየው ስም ይቅርብን። ስሙ ከተነገረ “እገሌ ነው” ብላችሁ ትገላገሉታላችሁ። ካልተነገረ ግን ምናልባት ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል። አሰላ ከተማ ውስጥ የብረት በር የሚሠራ በያጅ ነው፤ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

ሰውየው ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠና የታሰረበትን ሲባጎ ፈታ። መጀመሪያ አፍንጫ ወጣ። ከዚያ አንድ ጆሮ። ከዚያ ደረቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ቡናማ ቡችላ፣ ብርሃኑ ከብዶት ዓይኑን እያርገበገበ ወጣ።

“ይኸውልሽ! የአንቺ ነው” አላት ልጁን።

ስምረት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣላት ግቢውን በጩኸት ትሞላው ነበር። አሁን ከበረንዳው ሳትነሣ ጆንያውን አየች።

“ለምን እዚያ ውስጥ ከተትከው?”

“መንገዱን እንዳያይ ነዋ! ቡችላ የመጣበትን ካየ ወደ እናቱ ይመለሳል። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እኔማ ለጥንቃቄ በገበያው ዞሬ፣ በትምህርት ቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ ወፍጮ ቤቱን ከሩቅ አይቼ እንደገና ዞሬ ነው የመጣሁት።”

ወይንሸት ሳቀች። “አንተ ራስህ እንኳን ቤትህ አልጠፋህ!”

“ሳቂ አንቺ። ቆይተሽ ታመሰግኚኛለሽ።”

ስምረት አልሳቀችም። “ከዚያስ?” አለች።

“ከዚያማ ይረሳል።”

አሁን ይህን ቤት እወቁት። የስምረት እናት ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። አባቷ ብቻውን ልጅ ማሳደግ አቅቶት ነበርና ስምረት እነዚያን ሁለት ዓመታት ያሳለፈችው ከድልድዩ ማዶ፣ ከአያቷ ከእማማ ዘነቡ ጋር ነው። ከዚያ ሰውየው ወይንሸትን አገባ፤ ቤቱ ቤት ሲሆንለት ልጁን ሊያመጣ ሄደ። እኅቱ መከረችው፤ ጎረቤት መከረው። “እስክትለምድ ድረስ ወደ አያቷ እንዳትወስዳት። አንድ ጊዜ ከሄደች አትመለስልህም” አሉት። እሱም እሺ አለ። እማማ ዘነቡ ጉልበቷን ስለሚያማት ድልድዩን ተሻግራ መምጣት አትችልም። ልጅቱም ከመጣች ወዲህ አያቷን አላየችም።

ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። አዲስ ጫማ ገዝቶላታል፤ ደብተሯን ራሱ ይለብድላታል። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጁ እንደገና ከእጁ እንዳትወጣ። ከፍርሃቱ የተነሣ ሌላም ነገር አደረገ። የግቢውን በር መቀርቀሪያ ከነበረበት ነቅሎ ወደ ላይ፣ የልጅ እጅ በማይደርስበት ቦታ በየደው። “መንገድ ላይ ወጥታ መኪና እንዳይገጫት ነው” አለ። እውነቱን ነው፤ መኪና አለ። ግን መኪናው ድሮም ነበር።

ለቡችላው ጥሩ አቀባበል ተደረገለት። ወይንሸት ካርቶን ውስጥ የድሮ ሹራቧን አነጠፈችለት። በጣሳ ክዳን ወተት ቀረበለት። ሰውየው “ቦቢ! ቦቢ!” እያለ አፉን አሞጠሞጠ። ቡችላው ግን ወተቱን አሸተተና ተወው፤ ሄዶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። ስምረት አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። እሷም ፊቷን ወደ በሩ አዙራ።

ወይንሸት ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆማ አየቻቸው። ባሏን በክርኗ ነካ አደረገችው። “ሁለቱንም ተመልከታቸው” አለችው።

“ይለምዳሉ” አለ።

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ካርቶኑ ባዶ ነበር። ሹራቡ አለ፤ ቡችላው የለም። በበሩ ሥር፣ ጎርፍ እንዲወጣ ብሎ ራሱ በተወው ክፍተት ላይ ትንንሽ የጭቃ ዱካ ነበር። ጎረቤቲቱ ከአጥሩ ማዶ ሰማች።

“ውይ ጉድ! የከተማውን በር ሁሉ የሚሠራው ሰው፣ የራሱን ቡችላ በበሩ ሥር ያስመልጥ?”

ጆንያውን አነሣ፣ ልጁን አስከትሎ ቡችላውን ወዳመጣበት ወፍጮ ቤት ሄደ።

ቡችላው እዚያው ነበር። ዱቄት የለበሰች እናቱ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተጋድማ፣ እሱ ከወንድሞቹ መሀል ተሰንቅሮ ይጠባል። የውሻዋ ባለቤት ጋሽ ገመዳ ሰውየውን ከነጆንያው ሲያየው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

“ከመጣ ቆየ እኮ! አንተ በገበያ ዞርክ፣ እሱ በአቋራጭ መጣ።”

“ዓይኑን ሸፍኜው ነበር እኮ ጋሼ።”

“አፍንጫውንስ?”

“እንግዲህ አሁን አስረዋለሁ” አለ ሰውየው። ቡችላውን ከእናቱ ጡት አላቀቀና የጆንያውን አፍ ከፈተ።

“እሰረው” አለ ጋሽ ገመዳ። “የፈታኸው ቀንስ? ዕድሜ ልክህን ጆንያ ተሸክመህ ልትከተለው ነው?”

ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ስምረት እጅጌውን ያዘችው።

“አባዬ፣ እኔን ከአያቴ ቤት ስታመጣኝ የባጃጁን ሸራ ያወረድከው ለዚህ ነው?”

“ዝናብ ነበር እኮ፣ ልጄ” አለ።

እውነትም ያን ቀን ዝናብ ነበር። ግን ጆንያው እጁ ላይ ነበር፤ ቡችላው ሌላኛው እጁ ላይ ነበር። ወዲያውም መቀርቀሪያው ትዝ አለው። ጋሽ ገመዳ ሳቁን አቁሞ ወደ ወፍጮው ገባ።

ሰውየው ቡችላውን ለልጁ ሰጣት። ጆንያውን አጥፎ ብብቱ ሥር አደረገው። ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።

ታዲያ ስምረት ምን ስትል ሰማ? ቡችላውን ደረቷ ላይ ቀና አድርጋ ይዛ መንገዱን ታሳየዋለች! “ይሄ ወፍጮ ቤታችሁ ነው። ይሄ የባጃጅ ተራ ነው፤ እዚህ ስትደርስ ዳር ዳሩን ያዝ። ይሄ ትልቁ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ግራ ነው፤ ሰማያዊው በር የእኛ ነው።”

“ኧረ አንቺ ልጅ!” አለ አባቷ። “መንገዱን ለምን ታስጠኚዋለሽ? ይሄድብሻል እኮ!”

“እሱማ ሄዶ አየነው” አለች ዘወር ሳትል። “አሁን መመለሻውን ይወቅ ብዬ ነው።”

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰውየው ያን ቀን እራት አልበላም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ወይንሸት የልጅቱን ፀጉር እየሠራች ነበር። ጨረሰችና ባሏን ወደ ጓዳ ጠራችው።

“ዛሬ ወደ እማማ ዘነቡ ውሰዳት።”

“ባትመለስስ?”

“አሁንስ መች መጣች?” አለችው ወይንሸት። በቁጣ አልነበረም፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። “እኔ እኮ የእንጀራ እናት ነኝ። ያሰርኳት እኔ እንደሆንኩ ነው የምታስበው። በተቀመጠች ቁጥር በሩን ስታይ ማየት ሰልችቶኛል።”

ሄዱ። ቡችላው በእግሩ ነበር የሄደው፤ ባገኘው ሁሉ ላይ እየሸና ድልድዩን ተሻገረ። የአያቷ አጥር ሲታይ ስምረት የአባቷን እጅ ለቀቀችና ሮጠች። እማማ ዘነቡ በከዘራዋ ተደግፋ ከደጃፉ ወጣች። “የኔ እናት! የኔ ዓይን!” አለች። ሰውየው ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማም፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቱ መጥታ ፊቱ ቆመች።

“አባዬ፣ ልደር?”

“አይሆንም” የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት አይደርስ? ሚስቱን ቀብሯል። ያለችው ይህች አንዲት ልጅ ናት። እኅቱ ያለችው፣ ጎረቤቱ ያለው ሁሉ በጆሮው ጮኸበት። የልጁን ፊት አየ። ፈቃድ ስትጠይቀው ከመጣች ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ከእሱ ምንም ጠይቃ አታውቅም።

“እደሪ” አላት። “መምጣት ስትፈልጊ … መንገዱን ታውቂዋለሽ።”

ብቻውን ድልድዩን ተሻግሮ ተመለሰ። ቤቱ ሲደርስ ልብሱን ሳይቀይር የብየዳ ማሽኑን አወጣ። ጎረቤቲቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። “ደግሞ ምን ልታጠብቅ ነው? ቡችላው በር ሰብሮ ሄደ እንዴ?” አለችው። መቀርቀሪያውን ከላይ ቆረጠና ወደ ታች አውርዶ፣ በስምረት ትከሻ ልክ በየደው። ከውጭ እጅ የሚገባበትንም ቀዳዳ በዚያው ልክ፣ ለትንሽ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ሞርዶ ከፈተው። ያኔ ከላይ የከፈተው ቀዳዳ እንዳለ ቀረ። በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይንሸት ምሳ ስታቀርብ ሦስት ሳሕን አወጣች። ምሳው ተበላ፤ አንዱ ሳሕን ተከድኖ ቆየ። ሰውየው በረንዳው ላይ፣ ልጁ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠና በሩን ማየት ጀመረ።

እዚህ ላይ እናቁም።

ወገኖቼ፣ እናንተ ያን መቀርቀሪያ ታወርዱት ነበር? የልጃችሁ ቦታ ባዶ ሆኖ፣ “ሄዳ ብትቀርስ?” የሚለው ድምፅ እየወጋችሁ፣ ታወርዱት ነበር?

በየቤታችን ጆንያ አለ። ሚስቱ ወደ እናቷ ቤት መሄድ ስታነሣ ፊቱን የሚያጠቁር ባል እዚህ የለም? ልጇ ወደ አባቱ ዘመዶች በሄደ ቁጥር ታምሜአለሁ የምትል እናት የለችም? ምራታችሁን “ልጄ” ብላችሁ ተቀብላችሁ፣ እኅቶቿ ሊጠይቋት ሲመጡ ግን ወንበር ያላቀረባችሁ የላችሁም? ወተት ሰጥተናል፤ ሹራብ አንጥፈናል። በሩን ግን ከላይ ቀርቅረናል። ከዚያ “ለመደች” እንላለን። ለመደች ወይስ መውጫ አጣች?

በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነን። አንድ ወጣት ሲመጣ እልል እንላለን። በሳምንቱ የድሮ ጓደኞቹን እንዳያገኝ፣ ጥያቄ እንዳይጠይቅ፣ ወዲያ እንዳያይ እንጠብቀዋለን። ጆንያውን እኛ “ጥበቃ” እንለዋለን። እሱ ግን መሀላችን ተቀምጦ ፊቱ ወደ በሩ ነው። አላያችሁትም?

እግዚአብሔር ማንንም በጆንያ አላመጣም። እስቲ አስቡት፤ ከቤቱ ልንወጣ እንደምንችል ያውቅ አልነበረም? ያውቅ ነበር። መቀርቀሪያውን ከእጃችን በላይ ማድረግ አይችልም ነበር? ይችል ነበር። ግን በእኛ ትከሻ ልክ አደረገው። ወጣን፤ እሱም ተወን። ስለማይወደን ነው? ሳሕኑን ማን አንሥቶት! እንደተከደነ ነው። የሚፈልገው በቤቱ የሚቀመጥ ልጅ ነው እንጂ፣ በሩን እያየ የሚኖር እስረኛ አይደለም።

እናንተ ከራቃችሁ የቆያችሁ፣ ዛሬ በአጋጣሚ ገብታችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ እፍረቱ ይበቃል። መመለሻውን ታውቁታላችሁ። በባሕር ዛፉ በኩል ነው፤ ወደ ግራ ነው። በሩ ከውጭ ይከፈታል።

እናንተ ደግሞ ቤት ያላችሁ፣ ዛሬ ስትገቡ የራሳችሁን መቀርቀሪያ ቀና ብላችሁ እዩት። ማን ይደርስበታል? ማንስ አይደርስበትም? እጃችሁ ላይ ያለውን ጆንያ ምን ታደርጉታላችሁ?

ያ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቡችላው በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። ከቡችላው ኋላ ትንሽ እጅ በአዲሱ ቀዳዳ ገባ፤ ስምረት በሩን ራሷ ከፈተች፣ ገባች፣ ምሳዋን በላች።