አዘዘው ዓባይን የተሻገረበት ኅዳር

ሰው በየአጋጣሚው የሚጥላት አንዲት ተረት አለች። እጁ ላይ ያለችውን ሚስቱን ትቶ የጎረቤቱን የሚያመሰግን ባል ሲያይ ይተርታታል፤ የአገሩን ወጌሻ ንቆ አገር ላገር የሚንከራተት ሲያይም ይተርታታል። ተርቶም ይስቃል። እኔ አልስቅም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? የዚችን ተረት ሥር የነገሩኝ የዝግባ አፋፍ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ሲነግሩኝ አልሳቁም።

ዝግባ አፋፍ ከዓባይ በረሃ በላይ የተቀመጠች መንደር ናት። አዘዘው የሚባል ቤት ሠሪ ነበረባት፤ እጀ ወርቅ የሚሉት ዓይነት። እሱ ያቆመውን ጎጆ ነፋስ አያዘመውም። ምስጢሩ ልጡ ነበር። ያን ጊዜ ሚስማር የት ተገኝቶ! ማገሩ ከግድግዳው፣ ጣራው ከምሰሶው የሚታሰረው ከግራርና ከሾላ በተላጠ ልጥ ነው፤ ልጥ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ካልለዘበ ሲያጥፉት ይሰበራል። ሌላው ቤት ሠሪ ልጡን ተሸክሞ ወንዝ ይወርድና ድንጋይ ጭኖበት አራት አምስት ቀን ይጠብቃል። አዘዘው ግን ከቤቱ ቁልቁል መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ከዓለት ሥር የምትፈልቅ ምንጭ ነበረችው። እዚያች የነከረው ልጥ በሁለተኛው ቀን እንደ ጠፍር ይለዝባል።

«ይቺን ውኃ እግዜር ለኔ ብሎ ነው ያፈለቃት» ይላል።

ምንጯ ግን ጠበል ነበረች፤ የቅዱስ ሩፋኤል ጠበል። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ከጎኗ ነበር ይባላል። በእሳት ጠፍቶ ታቦቱ ወደ ጉብታው ሲወጣ ምንጯ ያለ አጥር፣ ያለ ጠባቂ ታች ቀረች። ከሩቅ አገር የመጣ በሽተኛ አልፎ አልፎ ይጠመቅባታል። ያገሩ ሰው ረስቷታል። እማሆይ ወለተ ሃና የሚባሉ አንዲት መነኩሲት ብቻ ጧት ጧት ይወርዱና የወደቀባትን ቅጠል ይለቅማሉ፤ የአዘዘውን ልጥ ሲያዩም ይቆጣሉ።

«አንተ አዘዘው! የአባ ኂሩት ዓይን የበራበት ውኃ ነው፤ ልጥህን አውጣ!»

«ሩፋኤል ቤት አይወድም እንዴ፣ እማሆይ? እኔ እኮ የምነክረው የሰው ቤት ላቆምበት ነው።»

እማሆይ ያማትባሉ። አዘዘው ድንጋዩን ከልጡ ላይ ደልደል አድርጎ ይሄዳል። አባ ኂሩት ማን እንደሆኑ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም።

ትብለጥ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረችው፤ አንዲት ብቻ። እናቷ ጠጅቱ ስትሰፋ መርፌው ላይ ክር የምታሾልክላት እሷ ነበረች። የዚያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ክሩ ከመርፌው ጎን እያለፈ አስቸገራት። ትንሽ ቆይቶ የበሩ ደፍ ያደናቅፋት ጀመር። መስቀል ካለፈ በኋላ ጠጅቱ ልጅቱን ፀሐይ ላይ አውጥታ ብታያት በሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ጉም የመሰለ ሞራ ጣል ብሏል።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» አለች ጠጅቱ። «ሩፋኤል ለዓይን የታወቀ ነው። ነገ ጧት ይዣት ልውረድና ሰባት ቀን ትጠመቅ።»

«የት? ልጤ ውስጥ?»

«ልጡንማ አውጣው!»

«አንቺ ሴት፣ እኔ ጭቃዬን የምታጠብበት ውኃ ነው የልጄን ዓይን የሚያበራው? የሽንቁር ሚካኤልን ጠበል ዝና አልሰማሽም? ስንቱን ዕውር አብርቷል፤ ስንቱን ሽባ ተርትሯል። ሰው ዓባይን እየተሻገረ የሚጎርፈው ዝም ብሎ ነው?»

«ዓባይን ተሻግሮ ወደኛም የሚመጣ አለ።»

«እሱ ቸግሮት ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግን ክፉ አባት ነበር እንዳትሉብኝ። ልጁን ከነፍሱ ይወዳታል፤ ስለወደዳትም ሩቅ ሊሄድላት ፈለገ። መቶ እርምጃ ወርዶ መመለስ ለትብለጥ አነሰበት። መድኃኒትን በእግር የሚለካ ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬም አለ።

የሽንቁር ሚካኤል ንግሥ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው። አዘዘው ጥቅምት ሲያልቅ ጓዙን ቋጠረ። በሶና ቆሎ ያዘ፣ ትብለጥን አህያ ላይ አስቀመጠ፣ እናቷ የራሷን ነጠላ አውልቃ አለበሰቻት። የዚያ አገር ሰው ቆላን የሚሻገርበት ሕግ አለው፤ በጧት ወርዶ፣ ወንዙን አቋርጦ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዶ ያለውን ደጋ መጨበጥ ነው። በመከር ወራት ቆላ ማደር ንዳድ ጠርቶ ማቀፍ ነው። ጠጅቱም ይህንኑ አደራ አለችው። «ውለህ ተሻገር እንጂ እንዳታሳድርብኝ።»

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ግን የንግሡ መንገደኛ ፈሶበታል። ታንኳው ሦስት ሰው ነው የሚይዘው፤ የሚጠብቀው ደግሞ ሁለት መቶ ይሆናል። ተራቸው እስኪደርስ ሁለት ሌሊት አሸዋው ላይ አደሩ። ትንኙ አልቻል አለ። አዘዘው ጋቢውን በልጅቱ ላይ ደርቦ በቅጠል ሲያራግብላት ነጋ። ተመለስ ተመለስ የሚል ሐሳብ መጥቶበት ነበር፤ «ይህን ያህል መጥቼ?» አለና ተወው።

ሽንቁር ሲደርሱ ዝናው ውሸት አልነበረም። ጠበሉ ከገደል እየተወረወረ ይወርዳል፤ ሥሩ ሕዝበ ክርስቲያኑ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ እልል ይላል። አዘዘው ልጁን አቅፎ ገባ። ውኃው አጥንት ይሰብራል። ትብለጥ ጥርሷ እየተፋጨ አራት ቀን ተጠመቀች፤ ሞራው እንዳለ ነው። በአምስተኛው ቀን ከውኃው ወጥታም መንቀጥቀጧ አልቆም አለ። ከሰዓት በኋላ ገላዋ እንደ ምድጃ ጋለ።

አጥማቂው፣ አባ ወልደ ትንሣኤ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ፣ መጥተው ግንባሯን ዳሰሱ።

«ቆላ አሳድረሃታል እንዴ፣ ልጄ?»

«ሁለት ሌሊት፣ አባ። ታንኳው ነው።»

«ከወዴት ናችሁ?»

«ከዝግባ አፋፍ።»

መነኩሴው የያዙትን ቅል መሬት ላይ አስቀመጡ። «ከሩፋኤሉ? ለዓይን ብለህ ከሩፋኤል ደጅ ወደዚህ መጣህ?»

አባ ወልደ ትንሣኤም አጠገቡ ተቀምጠው የገዛ አገሩን ታሪክ ነገሩት። አባ ኂሩት በጥንት ዘመን፣ ምንጯም ሳትፈልቅ፣ ታቦተ ሩፋኤልን ከሌላ አገር ከወራሪ አስጥለው በራሳቸው ተሸክመው ሲሸሹ፣ ወራሪው በለኮሰው እሳት ጢስ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። በዳበሳ ሄደው ሄደው አንድ ዓለት ላይ ታቦቱን ሲያሳርፉ ውኃ ፈለቀ፤ ፊታቸውን ቢታጠቡ በራላቸው። በስተርጅና ከዚያው ውኃ በቅል ቀድተው ዓባይን ተሻገሩ፣ እዚህ ገደል ሥር ደርሰው አፈሰሱት፤ የሽንቁር ጠበልም የፈለቀው ያን ጊዜ ነው።

«ይኸ የምታየው ሁሉ የዚያ ልጅ ነው» አሉ መነኩሴው። «ዛሬም በየጳጉሜኑ፣ ለሩፋኤል ዕለት፣ ሁለት መነኮሳት ልከን ከዚያ አንድ ቅል እናስመጣለን። እሱን ሳንጨምር አናጠምቅም።»

አዘዘው መነኮሳቱን ያውቃቸዋል። ባለፈው ጳጉሜን «ወንድማችን፣ እባክህ ልጡን ገለል አድርግልን» ብለውት፣ ውኃ የጠማቸው መንገደኞች መስለውት ነበር። ገለል አድርጎላቸዋል፤ ሲሄዱ መልሶ ነክሯል።

«ልመልሳት፣ አባ? ዛሬውኑ ልነሣ?»

«ንዳድ የያዘው ሰው በቆላ አይመለስም፣ ልጄ።»

ያን ዕለት ማታ ትብለጥ ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ሲልላት እጁን ፈልጋ ያዘችው። «አባዬ፣ የዚህ ውኃ ይበርዳል። የኛ ይሻል ነበር። አንተ ልጥ ስታወጣ እጄን እከትበት ነበር፤ ሞቅ ይላል።»

በሦስተኛው ቀን ሞተች። ገዳሙ ደጅ ቀበሯት። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ «ታድላ! ሚካኤል ጥላ ሥር አረፈች!» እያሉ አጽናኑት። አዘዘው መታደሉን ሊያይላቸው አልቻለም። የዝግባ አፋፉ ውኃ ያበራላት ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ የመልአክን ሥራ እኔ አልምልበትም። መንገዱ እንደገደላት ግን አውቃለሁ። ዓይኗን ሊፈልግላት ይዟት ወጣ፤ እሷኑ ጥሎ ተመለሰ።

ሲመለስ ንግሡ አልፎ መንገደኛው ተበትኖ ነበርና ዓባይ ዳር ማንም አልነበረም። ታንኳው ወዲያው አሻገረው። ቆላ አላደረም። ይኸም አናደደው።

ከበረሃው ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚያስገባው መንገድ በምንጯ በኩል ነው የሚያልፈው። ሲደርስ እዚያ ሰዎች አገኘ፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ፤ እግራቸው በመንገድ የቆሰለ፣ ልብሳቸው አቧራ የለበሰ። ጫማቸውን ርቀው አውልቀዋል። ልጡን አንድ በአንድ ከውኃው አውጥተው፣ ሳይወረውሩት፣ ድንጋይ ላይ ደርድረውታል። እማሆይ ወለተ ሃና በቅል እየቀዱ ያፈሱላቸዋል። አዘዘውን ሲያዩ ዓይናቸው ከኋላው አህያዋን ፈለገ፤ አህያዋ ባዶ ናት።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ፤ የልጃቸው ሚስት በትራቸውን ይዛ ትመራቸዋለች። የእግሩን ኮቴ ሰምተው ዞሩ።

«የአገሩ ሰው ነህ? ይኸ ልጥ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ አባባ።»

የሚቆጡት መስሎት አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ሳቅ አሉ። «አይዞህ፣ አልፈርድብህም። እኔ የሽንቁር ሰው ነኝ። ያ ሰው ሁሉ የሚጮኽለት ጠበል በበረቴ ሥር ነው የሚወርደው፤ ዕድሜ ልኬን ፍየል ሳጠጣበት፣ ቆዳ ሳለፋበት ኖሬያለሁ። ዓይኔ ሲጠፋ እሱ ትዝ አላለኝም። የዝግባ አፋፉ ሩፋኤል ያበራል ሲሉኝ ይኸው በስተርጅናዬ ዓባይን ተሻገርኩ። አንተስ ከወዴት ትመጣለህ?»

«ከሽንቁር።»

«ምን ልታደርግ ሄደህ?»

አዘዘው ትብለጥ ለብሳ የወጣችውን የጠጅቱን ነጠላ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ነበር፤ በትሩን የያዘችው ሴት ነጠላውንና ባዶዋን አህያ አየችና በሽማግሌው ጆሮ አንድ ነገር አለች። የሽማግሌው ሳቅ ጠፋ።

ይኼኔ ከላይ፣ ከደጃፉ፣ የጠጅቱ ድምፅ መጣ። የአህያዋን ቃጭል ሰምታ ነው፤ ቁጥቋጦው ጋርዷት ምንጯ ዘንድ ያለውን አታይም።

«አዘዘው! መጣችሁ? ልጄ እንዴት ነች? አየች?»

እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አዘዘው! አየች ወይ?»

አዘዘው ከልጡ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ዕውሩ ሽማግሌ በእጃቸው እየዳበሱ መጡና እርጥቡን ልጥ ነኩት፤ ለዘብ ብሎ ነበር፣ ለማሰር የደረሰ። ራሳቸውን ነቀነቁና ለእሱም ለራሳቸውም በሚሆን ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «አይ የኛ ነገር፤ የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል!»